በምድረ በዳ መንገድ የተገኘው ፈላጊ

ለስብከቱ የተመረጠው ንባብ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቍጥር 26 እስከ 40



ከመተማ ማዶ በሱዳን ምድር፥ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር፥ በራሃድ ወንዝ ዳር መፋዛ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ከዐረብኛ የወጣ ነው። መፋዛ ማለት ውኃ የሌለበት ምድረ በዳ ማለት ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የተገኘበት ሥር መዳንን፥ ማምለጥንና ድል ማድረግን ያመለክታል። ከዐረብኛ ሊቃውንት ብዙዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ የጥንት ሰዎች የሚያስፈራውን በረሓ በመልካም ስም ጠርተው መዳኛ አሉት ይላሉ። እንግዲህ በአንዱ ቃል ውስጥ ጥማትና መዳን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኛም ዛሬ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ምድረ በዳ በእውነት መዳኛ ሊሆን ይችላልን? ወይስ ይህ ስም የፈሩ ሰዎች ተስፋ ብቻ ነው?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ከጉባኤዎቻችን ስንት ወጣቶች ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ ወደዚያ ቈላ ወርደዋል! ስንት እናቶችስ ማታ ማታ በጸሎታቸው ውስጥ፥ «ጌታ ሆይ፥ ልጄ ቃልህ በማይሰበክበት፥ ማኅበር በሌለበት አገር ነው፤ በዚያ ማን ያገኘዋል?» እያሉ ያለቅሳሉ! ለእነዚህ እናቶች መልስ የሚሰጥ ቃል ከፈለግን፥ በምድረ በዳ መንገድ ላይ የሆነውን የዚያን የኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ታሪክ እናንብብ።

ጃንደረባው የሕንደኬ ባለሥልጣን፥ የገንዘቧም ሁሉ አዛዥ ነበረ። ሕንደኬ የአንዲት ሴት የግል ስም ሳይሆን፥ በሜሮዌ የነበሩ የንግሥታት የማዕርግ ስም እንደ ነበረ የታሪክ ጸሓፊዎች ያስረዳሉ። ሜሮዌም በዓባይና በዐትባራ ወንዞች መካከል የነበረ መንግሥት ነው። ዐትባራ ደግሞ ከእኛ ተራሮች በሚወርዱት በጓንግና በተከዜ ውኃ የሚሞላ ወንዝ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከሩቅ ዓለም የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ከዚያው ዛሬ ልጆቻችን ከሚሄዱበት አገር፥ ከእኛው ውኃ ከሚጠጣ ምድር የተነሣ ጐረቤታችን ነው።

አንደኛ፤ ሰዎች እግዚአብሔርን የሚፈልጉባቸው መንገዶች

ከእነዚህ መንገዶች የመጀመሪያው የእግር መንገድ ነው። ጃንደረባው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። በዚያው ምድር ከእርሱ በኋላ እጅግ ብዙ ሰዎች በእግራቸው እግዚአብሔርን ፈልገዋል። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ የሚሄዱ እስላሞች ለብዙ ዘመን በሱዳን በኩል ያልፉ ነበር። ስንቃቸው ሲያልቅ በየእርሻው እየሠሩ፥ ልጆቻቸውን በጕዞ ላይ እየወለዱ፥ አያሌ ዓመታት በመንገድ ያሳልፉ ነበር። ብዙዎቹም በገዳሪፍ ዙሪያ መንደር ሠርተው ቀሩ፤ ተክሩር የሚባሉትም በመተማና በገላባት ተቀመጡ። ከእኛም ወገን የኢየሩሳሌምን መቃብር ለመሳለም አገራቸውን፥ ርስታቸውንም ትተው የወጡ አባቶችና እናቶች ብዙ ነበሩ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. አባ ማኅሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኵሴ ሕዝባቸውን አስነሥተው ከጎንደር አገር ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ጀመሩ። ባሕሩ ለሙሴ እንደ ተከፈለ ለእነርሱም እንዲከፈል ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን ከአክሱም አገር አላለፉም፤ ብዙዎቹ በራብና በበሽታ አለቁ፥ የተረፉትም እያዘኑ ተመለሱ። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ በ1984 የልጅ ልጆቻቸው በሌላ አቅጣጫ፥ በመተማና በሁመራ በኩል፥ በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ወረዱ። በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ኡም ራኩባ በተባለው ሰፈር ተከማችተው የኢየሩሳሌምን መንገድ ጠበቁ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ ወደ 8 ሺህ የሚሆኑት በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ወደ 4 ሺህ የሚሆኑት ግን በመንገድና በሰፈር ሞተው ቀሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሰሟትን ከተማ ሳያዩ በዚያ ጥቍር አፈር ውስጥ ተቀበሩ።

ሁለተኛው ሥጋን የመጨቈን መንገድ ነው። በተከዜ ሸለቆ በዋልድባ ገዳም መነኮሳቱ እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየበሉ ይኖራሉ። ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለች፥ ዐይንም ይከፈታል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው የመጽሐፍ መንገድ ነው። በጎንደር የቈሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ እየለመነ፥ የማይገባውን የግእዝ ቃል በቃሉ ይይዛል። በሱዳን መንደር ደግሞ የኸልዋው ልጅ በእሳት ብርሃን ዙሪያ ተቀምጦ፥ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ፥ ጮኾ ያነባል። ሁለቱም ሕፃናት በጠረፍ ይለያዩ እንጂ አንድ ዐይነት ራብ የሚራቡ ናቸው። ጃንደረባውም በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ያነባል፥ ነገር ግን አያስተውልም።

አራተኛው ኀይልን የመፈለግ መንገድ ነው። በደጋው ክታብ፥ በቈላው ሕጃብ በአንገት ይታሰራል። የዛር መንፈስ በጎንደርም፥ በገዳሪፍም ከበሮ ይመታለታል። ይህ ፈላጊ እግዚአብሔርን ራሱን ሳይሆን እጁን ይፈልጋል፤ ልጄ ይዳን፥ ከብቴ አይሙት፥ ጠላቴ ይውደቅ ይላል።

ወንድሞች ሆይ፥ ይህን ስንሰማ ራሳችንን እየነቀነቅን በሌሎች ላይ ለመሳቅ አንቸኵል። ይህ አራተኛ መንገድ ዛሬ በወንጌላውያን ደጅም አልፎ ይገኛልና። ዘይት በገንዘብ የሚሸጥ፥ የተማረከ ሕልሙን ትንቢት እያለ የሚናገር፥ ሕዝቡም ከቃሉ ይልቅ ተአምሩን ሊያይ የሚጋፋበት ስብሰባ ሁሉ፥ ስሙ ቢለወጥም ክታቡ ያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጸለይሁ እግዚአብሔር ሊመልስልኝ ይገባዋል የሚል ሰውም፥ መንገዱን በእግሩ ቈጥሮ ዋጋ ከሚጠብቀው መንገደኛ በምን ይሻላል?

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ቆሞ፥ እግዚአብሔር ሕዝቦችን ሁሉ ከአንድ ደም የፈጠረው፥ ዘመናቸውንና የሚኖሩበትንም ዳርቻ የወሰነው፥ በዳበሳም እንኳ ቢሆን ይፈልጉት ዘንድ እንደ ሆነ ሰበከ። እርሱም ከማንም የራቀ እንዳይደለ መሰከረ (የሐዋርያት ሥራ 17፡26–27)። ጥማቱ የፈጣሪ ሥራ ነው። የሚጠማን ሰው ማፌዝ የጠማውን አካል የፈጠረውን ማፌዝ ነው። ነገር ግን ጥማት ውኃ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ፈላጊው የተፈለገ ነው

አሁን ጃንደረባውን እንከተለው። እግሩ ኢየሩሳሌም አድርሶታል። ቤተ መቅደሱን አይቶአል። ነገር ግን የሙሴ ሕግ እንደ እርሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክል ነበር (ዘዳግም 23፡1)። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ በደጅ የቆመ ሰው ምን ይሰማው እንደ ነበር አስቡ! መጽሐፍ ገዝቶ ይሁን ተሰጥቶት፥ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም። በዚህ ጊዜ መንገዱ ሁሉ አልቆበታል። ሄዶአል፥ ሰግዶአል፥ አንብቦአል፤ የቀረው ወደ ቤቱ መመለስ ብቻ ነው።

በዚያው ሰዓት ፊልጶስ በሰማርያ ነበረ። በከተማዪቱ ታላቅ ደስታ ሆኖ፥ ሕዝቡ በአንድ ልብ ቃሉን ይሰማ ነበር። የጌታ መልአክ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አውጥቶ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ፥ ወደ ምድረ በዳ ላከው። በሰው ዐሳብ ይህ ምን ዐይነት ትእዛዝ ነው? ብዙ ነፍስ ያለበትን ከተማ ትቶ ሰው ወደማይኖርበት በረሓ መሄድ! ነገር ግን በዚያ በረሓ አንድ ሠረገላ ይሄድ ነበር፤ በሠረገላውም አንድ የተጠማ ሰው ነበር፤ እግዚአብሔርም ስለዚያ አንድ ሰው አገልጋዩን ከሰማርያ ጠራው። ጃንደረባው እግዚአብሔርን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር፤ እግዚአብሔር እርሱን እየፈለገው እንደ ነበረ ግን አላወቀም።

የዚህን ነገር ምሳሌ ከዚያው ከምሥራቅ ሱዳን እንውሰድ። በ1861 ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ በዐትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ጊዜው በጋ ነበረና ወንዙ ደርቆ፥ በአሸዋው ውስጥ እዚህም እዚያም ኵሬ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከሰዎቹም ብዙዎች በወንዙ አሸዋ ላይ ተኝተው ያድሩ ነበር። በሰኔ 23 ሌሊት ነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ሰዎቹም ወንዙ እየመጣ መሆኑን እየጮኹ አስታወቁ፤ በአሸዋው የተኙትም እየተቀሰቀሱ ወደ ዳር ሸሹ። በነጋም ጊዜ ደረቅ በነበረው ስፍራ 450 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ታላቅ ወንዝ ይፈስ ነበር። በዚያ ሰማይ አንዳች ዝናም አልዘነመም። ዝናሙ የዘነመው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው።

በመፋዛ አጠገብ የሚያልፈው ራሃድም እንደዚሁ ነው። በእኛ አገር ሽንፋ እየተባለ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፥ በበጋ ይደርቃል። በበጋ የተጠማ ሰው አሸዋውን ይቈፍራል። መቈፈሩ ነውር የለበትም። ነገር ግን ማንም ሰው ቈፍሮ ወንዝ አላመጣም፤ ወንዙ የሚመጣው ከላይ ነው፥ የሚመጣውም በተራራው ላይ በፈሰሰው ዝናም ኀይል ነው።

የወንጌል ነገር እንዲህ ነው። ሰው ወደ ሰማይ የሚወጣበትን መንገድ ሲፈልግ እግዚአብሔር ራሱ ወረደ። ጃንደረባው ያነበበው ወደ መታረድ እንደ ተነዳ በግ ዝም ስላለው ሰው ነበር፤ ፊልጶስም ከዚያ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ከጉባኤ የተከለከለው ሰው፥ ራሱ ከከተማ ውጭ ተጥሎ የሞተውን አዳኝ አገኘ። በቤተ መቅደስ ደጅ የቆመ ሰው በምድረ በዳ ወደ ቤተ ሰቡ ገባ። ውኃም በመንገድ ላይ ነበረ፤ ምድረ በዳው በእውነት መዳኛ ሆነ!

ዶክተር ማርቲን ሉተርም ይህን በራሱ ሕይወት ተምሮአል። በ1505 በኤርፉርት ወደ ገዳም ገባ፤ ጾመ፥ ሥጋውን ጨቈነ። ቈይቶም ሮም ድረስ በእግሩ ሄደ። በ1512 የመጽሐፍ ቅዱስ ዶክተር ሆነ። የእግሩን፥ የሥጋውንና የመጽሐፉን መንገድ ሁሉ ሄዶ ዐረፍት አላገኘም፤ የእግዚአብሔር ጽድቅ በእምነት የሚሰጥ ስጦታ መሆኑን በሮሜ መልእክት ሲያስተውል ግን ደጁ ተከፈተለት። ስለዚህ በትንሹ ካቴኪዝም የሃይማኖትን ሦስተኛ አንቀጽ ሲተረጕም፥ ሰው በገዛ ዐሳቡና በገዛ ኀይሉ ወደ ክርስቶስ ሊመጣ እንደማይችል፥ የሚጠራውም መንፈስ ቅዱስ በወንጌል እንደ ሆነ አስተማረ።

የሚሲዮን አባቶቻችንም መንገድ እንዲሁ ተፈትኖአል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስፒትለር የተባለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን መሥራች፥ ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ 12 ጣቢያዎች ያሉት የሐዋርያት መንገድ ለመሥራት ዐቅዶ ነበር፤ መተማም ከታሰቡት አንዷ ነበረች። ዕቅዱ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ሳይፈጸም ቀረ። እግዚአብሔር ግን ማንም ባላሰበው ሌላ መንገድ ሠራ። ከእናቱ እቅፍ ተነጥቆ የተሸጠ የኦሮሞ ልጅ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በ1872 ተጠመቀ። ይህም አናሲሞስ ነሲብ ነው። እርሱ ራሱ በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ሊገባ ተነሥቶ መንገዱ አልተሳካለትም፤ በ1899 ግን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ በ1904ም ነቀምቴ ደረሰ። ይህ ሰው በባርነት መንገድ ሲነዳ እግዚአብሔርን ፍለጋ አልወጣም ነበር፤ በዚያ ክፉ መንገድ ግን እግዚአብሔር አገኘው።

ሦስተኛ፤ የተገኘ ሰው እንዴት ይሂድ?

መጀመሪያ ለእናንተ፥ ልጆቻችሁ በሩቅ ላሉባችሁ ወላጆች እንናገራለን። ልጃችሁ ማኅበር በሌለበት ነው፤ ክርስቶስ በሌለበት ግን አይደለም። የተጠመቀበት ስም ጠረፉን አብሮት ተሻግሮአል። ስለዚህ በጸሎታችሁ እግዚአብሔርን ወደ ገዳሪፍ እንደምትልኩት አትሁኑ፤ እርሱ ቀድሞ በዚያ አለ። የእናንተ ድርሻ ግን አለ። ልጁ ከቤት ሲወጣ ከስንቁ ጋር ወንጌል ስጡት፤ አባታችን ሆይንና የሃይማኖትን መግለጫ በቃሉ ይያዝ፤ መጽሐፉ ቢጠፋበት ቃሉ አይጠፋበትምና። በቀን ሥራ ሰፈር ሁለትና ሦስት ሆነው በስሙ እንዲሰበሰቡ ምከሩት።

ሁለተኛ፥ በሌላ መንገድ ከሚፈልጉ ጐረቤቶች ጋር ለምንኖር ሁሉ ፊልጶስ ምሳሌ ነው። ፊልጶስ ሮጠ፤ ከዚያም አደመጠ፤ ከዚያም ጠየቀ፤ ወጥቶም ይቀመጥ ዘንድ እስኪለመን ድረስ በሠረገላው አልወጣም። ንግግሩንም ሰውዬው ያነብ ከነበረው ስፍራ ጀመረ እንጂ ራሱ ከወደደው ስፍራ አልጀመረም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሳናደምጥ እንመልሳለን፥ ሳንጠራ እንወጣለን። በ2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ አሥር ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፥ ኡም ራኩባም እንደገና የስደተኞች ሰፈር ሆነች። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተገልብጦ፥ የሱዳን ሰዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። ትናንት ያስጠጋ ዛሬ ተጠጊ ሆነ! በሃይማኖት የተለየን ስደተኛ ከመጠየቃችን በፊት ውኃ እናጠጣው፤ ከጠየቀንም በኋላ ኢየሱስን አንሸሽገው። ሁለቱን እግዚአብሔር አጣምሮአቸዋልና ማንም አይለያቸው።

በዚያ መንገድ ስለ ሞቱትስ ምን እንላለን? በ1984 በኡም ራኩባ የተቀበሩት፥ በአክሱም አገር በራብ የወደቁት፥ ከመካ ሳይደርሱ በገዳሪፍ አፈር የቀሩት በከንቱ ፈለጉን? ከኢየሱስ ክርስቶስ ስም በቀር ሰው የሚድንበት ስም እንደሌለ እናምናለን፤ ይህንም በማንም ፊት አንክድም። ነገር ግን የምድረ በዳውን መቃብር መዝገብ የያዘው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንም። አጋር ልጅዋን ከቍጥቋጦ በታች ጥላ ርቃ ስታለቅስ፥ እግዚአብሔር የሰማው የብላቴናውን ድምፅ ነበር (ዘፍጥረት 21፡17)። በበረሓ የሚያለቅስን የሚሰማ አምላክ ፈራጅ ስለ ሆነ እንጽናና፥ እኛም ፍርዱን ለእርሱ እንተው።

ሦስተኛ፥ ለራሳችን እንናገር። ጃንደረባው ከተጠመቀ በኋላ ፊልጶስ ከዐይኑ ተሰወረ። ሰባኪው ሄደ፤ ደስታው ግን አልሄደም። እርሱም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ ተብሎ ተጽፎአል። ይህን ምልክት በራሳችሁ ፈትኑ። ደስታችሁ በአንድ ሰባኪ ድምፅ፥ በአንድ የጸሎት ሌሊት፥ በአንድ ተአምር ወሬ የተሰቀለ ከሆነ፥ ያ ድምፅ ዝም ባለ ቀን ወደ አሸዋው ቍፋሮ ትመለሳላችሁ። ደስታችሁ በቃሉ፥ በጥምቀታችሁና በጌታ እራት ላይ የቆመ ከሆነ ግን በመፋዛም፥ በአዲስ አበባም፥ በታመማችሁበትም አልጋ አይደርቅም። በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ሰው ይጸልያል፥ ይጾማል፥ ያነባል፥ ይጓዛል፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን ለማግኘት ዋጋ ለመክፈል አይደለም። የተገኘ ልጅ በአባቱ ቤት እንደሚመላለስ በነጻነት ይመላለሳል።

እስካሁን በፍለጋ የምትደክም ነፍስ በዚህ ንባብ ፊት ተቀምጠህ እንደ ሆነ ስማ። የሄድኸው መንገድ ሁሉ ምናልባት ኢየሩሳሌም ደጅ አድርሶ መልሶሃል። መጽሐፉ በእጅህ ነው፥ ነገር ግን አልገባህም። አሁን ወደ ቤትህ እየተመለስህ ይሆናል። አትፍራ፤ የእግዚአብሔር መልእክተኛ የሚገናኝህ በመመለሻው መንገድ ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ አንተ ኀጢአት ሞቶ ተነሥቶአል። ውኃው ከተራራው ወርዶአል፤ በደጅህም ይፈስሳል። ተነሥ፥ ጠጣ።

እንጸልይ። የፈላጊዎች ፈላጊ የሆንህ ጌታ ሆይ፤ በምድረ በዳ መንገድ አንድ ሰው ሳይቀር የምታይ አንተ ነህ። በቈላ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅ፤ ስደተኛውን አስጠጋ፤ በጨለማ የሚዳብሱትን እጃቸውን ያዝ። እኛንም በገዛ መንገዳችን ከመመካት አድነን። ፊልጶስን እንደ ላክኸው ዛሬም አገልጋዮችህን ሰው ወደሌለበት መንገድ ላክ፤ የተገኙትም ሁሉ ደስ እያላቸው መንገዳቸውን ይሂዱ። ስለ ልጅህ ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን። አሜን።